ስለ አድማሱ የተገኘ ውጤት የለም

የማስተምረው ትምህርት «የመረጃ ፍለጋ» ይባላል። በአንድ መንፈቅ ዓመት ውስጥ ለሰባ ያህል ተማሪዎች አንድን ነገር እንዴት እንደሚፈልጉ፣ ያገኙትን እንዴት እንደሚጠራጠሩ፣ የተጠራጠሩትን ደግሞ እንዴት እንደሚመዝኑ አስተምራለሁ። በመጨረሻ ሁሉም የመጀመሪያውን ውጤት ገልብጠው ያመጣሉ። እኔም ሁሉንም አሳልፋለሁ። የወደቀ ተማሪ ማመልከቻ ይጽፋል፤ ማመልከቻ ኮሚቴ ይወልዳል፤ ኮሚቴ ስብሰባ ይወልዳል፤ ከስብሰባ የሚወለደውን ለማሳደግ ደግሞ ዕድሜው የለኝም።

ይህን የምነግራችሁ ልመካ ብዬ አይደለም። በቦንጋ ከተማ ስለ ፍለጋ ከእኔ በላይ የተማረ ሰው እንደሌለ ካላወቃችሁ፣ የሠራሁት ሞኝነት በልኩ አይታያችሁም ብዬ ነው። ያልተማረ ሰው ሞኝነትን ይሠራታል፣ ያልፋል። የተማረ ሰው ግን ዘዴ አበጅቶላት፣ ደረጃ በደረጃ፣ ማስረጃ እያኖረ ነው የሚሠራት።

የምኖረው እትዬ ወርቅነሽ ግቢ ውስጥ ተከራይቼ ነው። እትዬ ወርቅነሽ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ያላቸው አንዲት ሴት ልጅ ብቻ የሆነች፣ የሰው ነገር ሲሰሙ አንገታቸውን ዘንበል የሚያደርጉ ሴት ናቸው። ልጃቸው ምሕረት የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት። ምሕረትን አድማሱ የሚባል የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሊያገባት ይፈልጋል፤ እሷም ትፈልጋለች። ልጁ ተወልዶ ያደገው ማንኪራ ነው፤ የሚሠራው ሺሺንዳ ነው። የአባቱን ስም አልጽፍም፤ ስለ እሱ እስካሁን የተጻፈው ይበቃዋል፤ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ሽማግሌዎቹ ሊጠይቁ የሚመጡበት እሑድ ተቆርጦ ነበር። ሁለት ሳምንት ቀርቶታል።

ነገሩ የተጀመረው በረንዳ ላይ ነው። ዝናብ ይዘንብ ነበር። (ቦንጋ ላይ ይህን መጻፍ ቃል ማባከን ነው፤ መመዝገብ ያለበት ያልዘነበ ዕለት ነው።) እትዬ ወርቅነሽ ኮረሪማ ይፈለፍላሉ፤ እኔ የተማሪ ወረቀት አርማለሁ።

«ዶክተርዬ» አሉኝ፤ «ሰው እንዲያው በቀላሉ ይታወቃል ትያለሽ?»

ወረቀት የሚያርም ሰው የሚሰማው በግማሽ ጆሮው ነው። እኔም በግማሽ ጆሮዬ ሰምቼ በሙሉ አፌ መለስኩ። «በዚህ ዘመን አሻራ ሳይተው የሚኖር ሰው የለም። ሁሉም ሰው ሲፈለግ ይገኛል።»

ተማሪ ይህን ቢጽፍ በቀይ አሰምርበት ነበር።

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«እንግዲያው አድማሱን ፈልጊልኝ» አሉና ኮረሪማውን ወደ ጎን ገፉት።

እንደ ወጉ ከሆነ የሙሽራን ነገር የሚያጣራው ዘመድ ነው። ዘር ይቆጠራል፤ ጎሳ ይጠየቃል፤ አያቱ ከማን ጋር ተጣልቶ ከማን ጋር እንደ ታረቀ ይነገራል። ይህ ሁሉ ተደርጎ አልቆ ነበር። የልጁ ዘር እንከን አልወጣለትም። ግን እትዬ ወርቅነሽ እንዳሉት፣ «ዘሩንማ አወቅሁት፤ ያላወቅሁት እሱን ነው።» ይህ አነጋገር ከብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ ይሻላል። ስለዚህ ስልኬን ከፈትኩ።

ስሙን ከነአባቱና ከነአያቱ ልጽፍ ስል እጄን ያዙኝ።

«ዝም ብለሽ ስሙን ትጠሪያለሽ?»

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«መጀመሪያ ሰላም በያቸው እንጂ። ሰው ደጅ ሄዶ ‘አድማሱ የት አለ’ ብሎ የሚጮኽ ማነው?»

«እትዬ፣ ይህ የመፈለጊያ ሞተር ነው። ሰው አይደለም።»

«ሞተርም ቢሆን የሚያውቅ ነው አላልሽም? የሚያውቅን ማክበር ነው።»

መፈለጊያው ሰላምታ እንደማይሰማ፣ የተጻፈለትን ቃል ከተጻፈ ቃል ጋር ከማስተያየት በቀር ሌላ ሥራ እንደሌለው አስረዳሁ። ሰባ ተማሪ በአንድ መንፈቅ ያልገባውን በሦስት ደቂቃ ጨመቅሁላቸው። ትኩሳት የያዘውን ሰው እንደሚሰሙ ሆነው በትዕግሥት ሰሙኝ። ስጨርስ እሳቸው ይነግሩኝ፣ እኔ እጽፍ ጀመር። የጻፍኩት ይህ ነው፦ «ጤና ይስጥልን። የማንኪራው አድማሱ፣ አባቱ ባለ ቀፎ የሆኑት፣ እናቱ የታወቁት፣ በጠባዩ እንዴት ያለ ሰው ነው?»

መፈለጊያው የማንኪራን ቡና አቀረበልን። ከዚያ የማንኪራን ማር አቀረበልን። ከዚያ ከአንድ የቡና ዛፍ ጋር ፎቶግራፍ የተነሣ እንግዳ አቀረበልን፤ ከሁለቱ ይበልጥ የደስ ደስ ያለው ዛፉ ነበር። ገጽ በገጽ ሄድን። ዓለም ማንኪራን የሚያውቃት በቡናዋ ነው፤ ቡናውን የሚለቅም ሰው እዚያ መኖሩን ግን እስካሁን የነገረው ያለ አይመስልም።

ቀጥሎ በራሴ ዘዴ ፈለግሁ። ስሙን ብቻውን፣ ስሙን ከሙያው ጋር፣ ስሙን ከሺሺንዳ ጋር፣ ስሙን ያለ አያቱ። ለሁሉም የመጣው መልስ አንድ ነው፦ ከፍለጋዎ ጋር የሚዛመድ ውጤት አልተገኘም።

«ምን አሉ?» አሉ እትዬ ወርቅነሽ።

«ምንም።»

«ምንም አላውቅም አሉ ወይስ ምንም መናገር አልፈልግም አሉ?»

በማስተማር ዘመኔ እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቀኝ የለም። መልሱን አበላሸሁት። «ሁለቱም ሊሆን ይችላል» አልኩ። እንዲህ ያልኩት ትክክል ስለ ነበር ነው። ትክክል የሆነ ነገር ሁሉ መነገር እንደሌለበት የሚያስተምር ትምህርት ክፍል አላጋጠመኝም።

«ሁሉም ሰው ሲፈለግ ይገኛል አላልሽም?»

«ብያለሁ።»

«ይሄ ግን የለም።»

«የለም።»

«ምን ደብቆ ነው?»

የማስረጃ አለመኖር የነገሩን አለመኖር አያስረዳም አልኩ። እትዬ ወርቅነሽ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዶክተርዬ፣ ሰፈር ስለ አንድ ሰው ክፉ ካላወራ ጥሩ ነው። ክፉ ካወራም ምኑን እንደምትጠነቀቂ ታውቂዋለሽ። ጥሩም ክፉም ካልተወራበት ግን ያ ሰው አንድ ነገር አለበት።» ከዚያ ለማነጻጸር ያህል ጋሽ ወልዴን እንድፈልግ አዘዙኝ። ጋሽ ወልዴ የሟች ባላቸው ወንድም፣ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ናቸው። ፈለግሁ። ተገኙ። በአንድ ስብሰባ ፎቶግራፍ ላይ፣ በኋለኛው ረድፍ፣ አንቀላፍተው።

«አየሽ?» አሉ እትዬ ወርቅነሽ። «ወልዴ እንኳ አለ። ሽማግሌዎቹን እመልሳቸዋለሁ። ልጄን ለማይገኝ ሰው አልሰጥም።»

በማግስቱ ምሕረት ክፍሌ መጣች። አልተቀመጠችም።

«ዶክተር፣ ምን አደረግሁዎት?»

«ምንም። የተጠየቅሁትን ፈለግሁ፤ ያገኘሁትን ተናገርኩ።»

«ያላገኙትን ነው የተናገሩት። እናቴ ሽማግሌ አልቀበልም ብላለች። አንድ ጊዜ የተመለሰ ሽማግሌ ተመልሶ አይመጣም፤ ያውቃሉ። እኔ አድማሱን ሦስት ዓመት አውቀዋለሁ። ጥሩ ሰው ነው።»

«የአንቺ ምስክርነት የጥቅም ግጭት አለበት» አልኳት።

ረጅም ጊዜ አየችኝ። በትምህርት ቤቷ አንደኛ ክፍል ስለምታስተምር ሰውን በዝምታ ማሳፈር ታውቅበታለች።

«እሺ፣ ኢንተርኔት ላይ ስለ ሰው የሚጽፈው ማነው?»

«የፈለገ ሰው።»

«ፈቃድ የሚሰጥ አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያው እርስዎ ይጻፉ። ያወጡት እርስዎ ነዎት፤ ያስገቡትም እርስዎ።»

ሳስበው የምቃወምበት ነጥብ አጣሁ። አላወጣሁትም፤ ድሮም አልነበረም፤ ግን ክርክሩ በጠቅላላው ትክክል ነበር። አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ አስቀመጥሁ። የምጽፈው በራሴ ያጣራሁትን ብቻ ነው፤ ሙገሳ አልጽፍም። ምሕረት ተስማማች። በዚህ ስምምነት የተጎዳው አድማሱ ነው፤ እሱ ግን አልተጠየቀም። የተጠኚውን ፈቃድ ስለ መጠየቅ በየዓመቱ ሁለት ሰዓት አስተምራለሁ።

ቅዳሜ በጠዋት መጠይቅ አዘጋጅቼ ወደ ሺሺንዳ ተሳፈርኩ። የገበያ ቀን ስለ ነበር ሚኒባሱ ውስጥ በጉልበቴ ላይ የሰው ዶሮ፣ በዶሮዋ ላይ መጠይቄ ነበር። አድማሱ ሺሺንዳ ውስጥ አልነበረም፤ ለከብት ክትባት ገጠር ወጥቷል ተባልኩ። ደስ አለኝ። ጥናት የሚበላሸው የሚጠናው ሰው አጠገብ ሲኖር ነው።

የመጀመሪያዋ ምስክሬ ጨው የምትሸጥ ሴት ነበረች።

«አድማሱን ያውቁታል?»

«የከብት ሐኪሙን? ጥሩ ልጅ ነው።»

«ጥሩ ሲሉ ምን ማለትዎ ነው?»

«ጥሩ ነዋ።»

«ከአንድ እስከ አምስት ቢሆን ስንት ይሰጡታል?»

«ለምን እሰጠዋለሁ?» አለች። «ደመወዝ አለው።»

ሁለተኛው በካፊኖኖ የሚናገሩ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ። ካፊኖኖ አላውቅም፤ እዚህ አገር ስንት ዓመት እንደ ኖርኩ ስለማስበው አልናገርም። ጨው ሻጭዋ ላስተርጉምልሽ አለች። ሰውየው እጃቸውን እያወራጩ፣ አንድ ጊዜ ተነሥተው በሬ ሲወድቅ እያሳዩ፣ አንድ ጊዜ ወደ ሰማይ እያመለከቱ ረጅም ንግግር አደረጉ። ጨው ሻጭዋ በጥሞና አዳመጠችና ወደ እኔ ዞረች።

«ጥሩ ነው አሉ።»

ሦስተኛው ገበሬ አማርኛ ይችሉ ነበር። «ላሜን መርፌ ወጋት» አሉ። «በማግስቱ ሞተች።»

«በመርፌው ምክንያት ነው የሞተችው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ወጋት። ሞተች።»

በቅደም ተከተልና በመንስኤ መካከል ያለውን ልዩነት እንዲህ ጠብቆ የተናገረ ተማሪ አላስተማርኩም። ቃላቸውን እንዳለ ጻፍኩት።

እስከ ቀትር ሰባት ምስክር አገኘሁ። ከሰዓት በኋላ ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። የማልጠይቃቸው ሰዎች ወደ እኔ ይመጡ ጀመር፤ ድምፃቸውም ዝቅ ያለ ነበር። በመጨረሻ ሚኒባሱ ጋ ስቆም ጃንጥላ የያዘ አንድ ነጋዴ ጠጋ አለኝ።

«ስለ አድማሱ የምትጠይቂው አንቺ ነሽ?»

«ነኝ። የሚያውቁት ነገር አለ?»

ግራና ቀኝ አየ። «ከእኔ አልሰማሽም። እየተመረመረ ነው አሉ። ከቦንጋ ሴት መርማሪ መጥታለች።»

ሴቲቱ ምን ዓይነት እንደ ሆነች ጠየቅሁት። ከሲታ፣ መነጽር ያላት፣ የማትስቅ አለኝ። አመስግኜው ተሳፈርኩ። ጠዋት ስገባ ስለዚህ ሰው ምንም የማይወራበት ከተማ ነበር፤ ሳይመሽ ወሬ አበጅቼለት ወጣሁ። ይህንንም መጻፍ ነበረብኝ፤ በጽሑፉ ውስጥ «የአጥኚው ተጽዕኖ» በሚል ንዑስ ርእስ አስገባሁት።

ጽሑፉን በሁለት ቀን ጨረስኩ። መግቢያ፣ ዘዴ፣ ግኝት፣ ውስንነት፣ ማጠቃለያ አለው። ግኝቱ ባጭሩ፣ ከሰባቱ ምስክሮች ስድስቱ አድማሱን ጥሩ ብለውታል፤ «ጥሩ» የሚለው ቃል ግን በምስክሮቹ አልተተረጎመም። አንድ ምስክር ላማቸው መርፌ በተወጋች ማግስት እንደ ሞተች ገልጸዋል፤ በሁለቱ ድርጊቶች መካከል ግንኙነት መኖሩ አልተረጋገጠም፤ አለመኖሩም አልተረጋገጠም። በመጨረሻ፣ እንደ ማንኛውም የተማረ ሰው፣ «በዚህ ጉዳይ ላይ ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል» ብዬ ደመደምኩ። አንድ ነፃ ገጽ ከፍቼ አወጣሁት።

ከዚያ ጥበቃ ሆነ። የተጻፈ ነገር ወዲያው በመፈለጊያው አይገኝም፤ ጊዜ ይወስዳል። እትዬ ወርቅነሽ ጠዋት ጠዋት በክፍሌ በር በኩል እያለፉ «ገቡ?» ይሉኛል፤ አድማሱን በክብር መጥራት የጀመሩት በዚያን ሰሞን ነው። ኔትወርክ ሲኖር መብራት የለም፤ መብራት ሲመጣ ኔትወርኩ ይሄዳል። ሐሙስ ዕለት ሁለቱ ተገናኙ። ስሙን ጻፍኩ። አንድ ውጤት ተገኝቷል።

ከእናንተ መካከል የማያውቅ ካለ ላስረዳ። መፈለጊያው ከአንድ ጽሑፍ ርእስ ሥር ሁለት መስመር ናሙና ያሳያል፤ የትኛውን መስመር እንደሚመርጥ የሚወስነው እሱ ነው። ያን ሁሉ አንቀጽ አልፎ፣ መግቢያውን ትቶ፣ ስድስቱን ምስክሮች ረግጦ የመረጠው መስመር ይህ ነበር፦ «...አድማሱ መርፌ በወጋት ማግስት ሞታለች። በዚህ ጉዳይ ላይ ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል።»

እትዬ ወርቅነሽ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ማን ናት የሞተችው?»

«ላም ናት።»

«ላም የሚል የለውም።»

«ከመስመሩ በፊት ነው ያለው። ተቆርጦ ነው።»

«የተቆረጠ ነገር ነው ለልጄ ያመጣሽው?» አሉና ተቀመጡ። ሙሉውን አነበብኩላቸው። ስጨርስ በጣታቸው ቆጠሩ። «ስድስት ሰው ጥሩ ነው ብሎሻል። አንቺ ግን አላመንሽም።»

«አለማመን አይደለም። የአጻጻፍ ሥርዓት ነው።»

«ስድስት ሰው ‘ጥሩ ነው’ ሲልሽ ‘ይጠና’ የምትይ ከሆነ፣ ዶክተርዬ፣ አንድ ያየሽው ነገር አለ።»

የዚያኑ ዕለት ስለ ላሟ የጻፍኩትን ከገጼ ሰረዝኩ። ከገጼ ጠፋ፤ ከመፈለጊያው አልጠፋም። እሱ የሚያስታውሰው መጀመሪያ ያየውን ነው፤ በዚህ ከሰው አይለይም። ዓርብ ደግሞ ጋሽ ወልዴ መፈለጊያው የያዘውን የድሮውን ጽሑፍ አሳትመው፣ በማኅደር አድርገው መጡ።

«ማኅተም የለውም» አሉኝ፤ ቅር ብሏቸዋል።

«ኢንተርኔት ማኅተም የለውም፣ ጋሽ ወልዴ።»

«ቁጥርስ?»

«ቁጥርም የለውም።»

«ቢሆንም ጽሑፍ ነው» አሉና ከላይ በኩል በእጃቸው ቁጥር ሰጡት። «የተጻፈበት ሰው ቀርቦ መልስ ሳይሰጥ ልጅ አይሰጥም። እሑድ ከሽማግሌዎቹ ጋር ልጁ ራሱ ይምጣ።»

ሙሽራ ከሽማግሌዎቹ ጋር አይመጣም። እንዲህ ያለ ነገር ታይቶም አይታወቅም። ምሕረት ይህን ስትሰማ አላለቀሰችም፤ ወደ እኔ ብቻ ተመለከተች። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ ጠዋት ሦስት ሽማግሌዎች መጡ፤ ሁለቱ ከማንኪራ፣ አንዱ ከሺሺንዳ። እንደ ወጉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። ከኋላቸው አድማሱ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያን ዕለት ነው፤ ቀጭን፣ ጆሮው ትልልቅ፣ ጭቃ የነካው ቦቲ ያደረገ። የተገናኘነው ሰውና ስለ ሰውየው የጻፈችው ሴት ነን። እጅ ነሣኝ። እኔም እጅ ነሣሁት።

ጋሽ ወልዴ ጽሑፉን ከመግቢያው ጀምረው በፍርድ ቤት ድምፅ አነበቡት። «ዘዴ» የሚለው ክፍል ጋ ሲደርሱ ከማንኪራ ከመጡት ሽማግሌዎች አንዱ አንዱን እግራቸውን አሳርፈው በሌላው ቆሙ። ላሟ ጋ ሲደርሱ አቆሙ።

«አቶ አድማሱ። በማስረጃው እንደ ተገለጸው አንዲት ላም በእጅህ ሞታለች። መልስህ ምንድን ነው?»

አድማሱ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣ።

«ጽሑፉ ስሕተት አለበት» አለ።

እትዬ ወርቅነሽ ትንፋሽ ወሰዱ። እኔ ብዕሬን አወጣሁ።

«አንዲት አይደለችም» አለ። «ሦስት ናቸው።»

ምሕረት ከበሩ ኋላ ነበረች፤ በሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ።

«ዶክተር የጻፏት ላም በአባ ሰንጋ የሞተች ናት። ስጠራ ቀኑ አልፎ ነበር። ሥጋዋ እንዳይበላ ቆሜ አስቀበርኳት፤ ባለቤቱ በዚህ እስካሁን ተቀይመውኛል። ሁለተኛዋ ሆዷ ተነፍቶ ነው፤ ሮጬ አልደረስኩም።» እጆቹን አያቸው። «ሦስተኛዋ በእኔ ጥፋት ነው። ሥራ የጀመርኩበት ዓመት ነበር። መድኃኒቱን አበዛሁባት።»

«ለማን ተናገርክ?» አሉ ጋሽ ወልዴ፤ ማኅደሩ ተዘግቶባቸው ነበር።

«ለባለቤቱ። የዚያኑ ዕለት።»

«ባለቤቱ አሁን የት ነው ያለው?»

እስከዚያ ድረስ አንድ ቃል ያልተነፈሱት የሺሺንዳው ሽማግሌ ዘንጋቸውን አስተካከሉ።

«እዚህ ነኝ» አሉ። «ላሟ የእኔ ነበረች።»

በዘንጋቸው ወደ አድማሱ አመለከቱ።

«ሌላው ሰው ‘ዕድሏ ነው’ ብሎኝ ይሄድ ነበር። እሱ ገደልኳት አለኝ። ዓመት ሙሉ ተቆጥቼ ኖርኩ። ከዚያ ወዲህ ግን ከብቶቼን ሌላ ሰው አላስነካሁም። ልጁ ሽማግሌ ይሁኑልኝ ሲለኝ አላንገራገርኩም።» ከዚያ ወደ እትዬ ወርቅነሽ ዞሩ። «እግሬ ደክሟል፣ እመቤት። ልቀመጥ ወይስ ልሂድ?»

እትዬ ወርቅነሽ የገዛ ወንበራቸውን አነሡና አቀረቡላቸው። «ይቀመጡ» አሉ። መልሱ ይኸው ነበር። ከበሩ ኋላ አንድ ነገር ወድቆ ተሰበረ፤ ብርጭቆ ይመስለኛል።

እኔ ይህን ሁሉ ስሰማ ያሰብኩት ስለ ናሙናዬ ነበር። ገበያ የወጣውን ሰው ጠይቄያለሁ፤ ቤታቸው የተቀመጡትን እኚህን ሽማግሌ ግን አልጠየቅሁም። መሄድ ይገባኛል ብዬ ተነሣሁ። ጋሽ ወልዴ በእጃቸው መለሱኝ።

«ጽሑፉን የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«ስሙን በጽሑፍ ያወጡት እርስዎ፣ የመሰከሩለት እርስዎ። እንግዲህ በዚህ ጋብቻ የልጁ ዋስ እርስዎ ነዎት። ከእሱ በኩል የጎደለ ነገር ቢኖር የምንጠይቀው እርስዎን ነው።»

«ጋሽ ወልዴ፣ እኔ ምንም አላረጋገጥኩም። ያሳተሙትን ይዩት፤ ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል ብያለሁ።»

«አይተነዋል» አሉ፤ እየጻፉ። «ያጥኑታ።»

ትዳርን በሚመለከት ያለኝ ልምድ አንድ ብቻ እንደ ሆነ፣ እሱም በፍርድ ቤት ውሳኔ እንደ ተዘጋ ለማስረዳት ሞከርኩ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ነቀነቁ፤ የሺሺንዳው ሽማግሌ እንዲያውም የወደቀ ሰው መንገዱን ያውቀዋል አሉ። ስሜ ተጻፈ። ፈረምኩ። እትዬ ወርቅነሽ በጉንጬ ሳሙኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር ከተደረገልኝ ቆይቷል፤ ምን ያህል እንደ ቆየ አላጣራሁም።

ሠርጉ ተደረገ። ምሕረት በዝውውር ሺሺንዳ ገባች። በሦስተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ፣ ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ሳለ ስልኬ ጠራ።

«ዶክተር፣ ዋስ አይደሉ?»

«ነኝ» አልኩ፤ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ።

«ፍሪጁን በከብት ክትባት ሞላው። የቢሮው ተበላሽቶ ነው ይላል። ቅቤዬን አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው።»

«አጠገብሽ ነው?»

«አለ፤ ይሰማል።»

«ምን ይላል?»

«እውነቷን ነው ይላል። ትናንት ወተቱንም አውጥቼው ነበር፣ እሷ አላየችኝም ይላል።»

«ክትባቱ ውጭ ቢያድር ምን ይሆናል?»

«ይበላሻል።»

«ቅቤውስ?»

«ቅቤ ምን ይሆናል።»

«እንግዲያው ችግሩ ምንድን ነው?»

«አልጠየቀኝማ፣ ዶክተር። ቢጠይቀኝ እኔው አወጣው ነበር።»

በመስኮቱ ዝናቡን አየሁት። እኔና የቀድሞ ባሌም ፍሪጅ ነበረን። ማን ምን እንዳወጣ፣ ማን ማንን ሳያስፈቅድ እንዳስገባ፣ አራት ዓመት ተከራክረናል። በማስረጃ ነበር የምከራከረው፤ በየነጥቡም አሸንፍ ነበር።

«ቅቤው ውጭ ይቆይ» አልኩ። «እሱ ደግሞ ይቅርታ ይጠይቅሽ። አሁን። እኔ እየሰማሁ።»

ከወዲያ በኩል የአድማሱ ድምፅ ተሰማ፤ ምን እንዳለ አልለየሁትም። ከዚያ ምሕረት ሳቀች፤ ከዚያ እሱም ሳቀ፤ ስልኩን የረሱት መሰለኝ። ልዘጋው ስል ምሕረት ተመለሰች።

«ይሄን ከየት አገኙት፣ ዶክተር? ፈልገው ነው?»

«አይደለም» አልኳት። «ከቀድሞ ባሌ ጋር በፍሪጅ ስንከራከር የማሸንፈው እኔ ነበርኩ፤ ፍሪጁ የቀረው ግን እሱ ጋ ነው።»

ወደ ክፍል ገብቼ ካቆምኩበት ቀጠልኩ።